ሕግንና ፋይናንስን አጣምሮ መማር ሁለት ዛፍ መውጣት ነውን?

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የተነገረው ጉልበቱን ሳይመዝን ብዙ ነገር ባንድ ጊዜ ጀምሮ አንዱንም ሳይፈጽም ለሚቀር ሰው ምክር እንዲሆን ነው። ዛሬ ግን ይኸው ተረት ከዩኒቨርሲቲ በሚወጡና በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራ በጀመሩ ወጣቶች ፊት አዲስ ጥያቄ ሆኖ ይቆማል። በሕግ የተመረቀው ወጣት ከፍተኛ ትምህርት ለመቀጠል ሲያስብ፥ ሕግንና ፋይናንስን አጣምረው የሚያስተምሩ ታላላቅ ትምህርት ቤቶች መኖራቸውን ይሰማል። በሂሳብ አያያዝና በኤኮኖሚክስ የተመረቀውም እንዲሁ። ያን ጊዜ ከሁለቱ አንዱን ጠልቆ መማር ይሻላልን? ወይስ ሁለቱን ማጣመር? ሽማግሌ ቢጠይቅ ተረቱን ይነግረዋል፤ የትምህርት ቤቶቹን ማስታወቂያ ቢያነብ ደግሞ ዲግሪውን በያዘ ማግስት በሩ ሁሉ እንደሚከፈትለት ይገለጥለታል።

እኛ ሐሳባችንን አስቀድመን እንናገር። ሕግና ፋይናንስ፥ ይልቁንም ለሚበደር መንግሥትና እርሱን ለሚያገለግል ሠራተኛ፥ ሁለት ዛፍ አይደሉም፤ አንድ ዛፍ ናቸው። ነገር ግን ወደዚህ ዛፍ የሚያወጣው መሰላል ለሁሉ ሰው አንድ ዓይነት አይደለም፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ይህን በባዶ ቃል ሳይሆን በዘመናችን በሆኑ ነገሮች ለማስረዳት እንሞክራለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመቶች፥ ከአዋጆቻችን ቍጥር በቀር፥ ሁሉም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አንድ ወረቀት በሁለት ዓይን

አንድ መንግሥት ከዓለም ገበያ ገንዘብ ለመበደር ሲፈልግ ቦንድ የሚባለውን የብድር ሰነድ ያወጣል። በሰነዱ ላይ ሁለት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛው ቍጥር ነው፤ ይኸውም ዋናው ገንዘብ ስንት እንደ ሆነ፥ ወለዱ ከመቶ ስንት እንደ ሆነ፥ ዕዳውም በስንት ዓመት እንደሚከፈል የሚያመለክተው ክፍል ነው። ሁለተኛው ቃል ነው፤ ይኸውም ክፍያው ቢቋረጥ ምን እንደሚከተል፥ ክርክር ቢነሣ በየትኛው አገር ሕግና በየትኛው ፍርድ ቤት እንደሚታይ፥ ውሉን ለማሻሻልም ከባለገንዘቦቹ ስንቱ መስማማት እንደሚገባቸው የሚወስነው ክፍል ነው። ቍጥሩን የፋይናንስ ሰው ያነበዋል፤ ቃሉን የሕግ ሰው ያነበዋል። ጉዳቱ የሚመጣው ሁለቱ ሰዎች ሁለት ልዩ ልዩ ወረቀት የያዙ ሲመስላቸው ነው።

በመጀመሪያ ቃሉን ብቻ የሚያነበውን ሰው እንመልከት። ባለዕዳና ባለገንዘብ ለመታረቅ ተቀምጠዋል እንበል። ዕዳው 1 ቢሊዮን ብር ነው። ባለገንዘቡ «ካንተ ላይ አንዲት ሳንቲም አልቀንስልህም፤ ግን ያለ ወለድ ከ10 ዓመት በኋላ ክፈለኝ» ቢል፥ የሕግ ሰው ውሉን አይቶ ዋናው ዕዳ አልተነካም ይላል። የፋይናንስ ሰው ግን የዛሬ ብርና ከ10 ዓመት በኋላ የሚመጣ ብር እኩል አለመሆናቸውን ያውቃል። ገንዘቡ በሥራ ላይ ቢውል በየዓመቱ 5 በመቶ ያፈራ ነበር ብሎ ቢያሰላው፥ ከ10 ዓመት በኋላ የሚከፈለው 1 ቢሊዮን ብር ዛሬ የሚያወጣው 614 ሚሊዮን ብር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ከዕዳው ከሲሶ የሚበልጠው ማንም ሳይናገር ተሠርዟል ማለት ነው። ይህን ማስላት የማይችል ተደራዳሪ፥ በየትኛውም ወገን ቢቀመጥ፥ የሰጠውንም የተቀበለውንም ሳያውቅ ይፈርማል።

ቍጥሩን ብቻ የሚያነበው ሰው ደግሞ የሚሳሳተው በሌላ በኩል ነው። ለዚህ የግሪክ አገር ታሪክ ጥሩ ምስክር ይሆናል። የግሪክ መንግሥት ያወጣቸው ቦንዶች አብዛኞቹ በግሪክ ሕግ፥ ጥቂቶቹ ግን በእንግሊዝና በሌሎች አገሮች ሕግ የሚተዳደሩ ነበሩ። በደኅናው ዘመን ወለዱንና ዘመኑን ብቻ የሚያይ ገዢ ለዚህ ልዩነት ብዙ ዋጋ አልሰጠውም። አገሪቱ ዕዳዋን መክፈል ባቃታት ጊዜ ግን ሊ ቡክሃይት የተባሉ ጠበቃና ሚቱ ጉላቲ የተባሉ የሕግ መምህር በ2010 ባወጡት ጽሑፍ፥ በግሪክ ሕግ የተጻፈውን ውል የግሪክ ፓርላማ ሊለውጠው እንደሚችል አመለከቱ። በ2012 ፓርላማው ሕጉን አወጣ፤ በድምፅ አሰጣጡ ከተካፈሉት ባለቦንዶች በገንዘብ ልክ ሁለት ሦስተኛው ከተስማማ እምቢ ያለውም ይገደዳል ተባለ። ከዋናው ገንዘብ ላይ 53.5 በመቶ ተቀነሰ። በውጭ አገር ሕግ የተጻፈ ቦንድ ይዘው እምቢ ካሉት ብዙዎቹ ግን አልተገደዱም፤ በዚያው ዓመት በሜይ ወር ብቻ 435 ሚሊዮን ዩሮ በሙሉ ተከፈላቸው። ባለዕዳው አንድ፥ ዘመኑም አንድ ሳለ፥ አንዱን ባለገንዘብ ከሌላው የለየው የትኛው አገር ሕግ እንደሚጸና የምትናገር አንዲት መስመር ነበረች።

መርከብ ያሳሰረች ሐረግ

የግሪክን የሚያህል ትምህርት ያለው ሌላው ታሪክ የአርጀንቲና ነው። አርጀንቲና በ2001 ከ80 ቢሊዮን ዶላር የሚበልጥ የቦንድ ዕዳ መክፈል አቆመች። በ2005ና በ2010 ለባለገንዘቦቹ ከቀድሞው በእጅጉ ያነሰ ዋጋ ያላቸው አዲስ ቦንዶች አቅርባ ወደ 93 በመቶ የሚሆነውን ዕዳ አስለወጠች። የፋይናንሱ ሥራ በዚህ አበቃ ተባለ። ነገር ግን የቀሩት ጥቂቶች፥ ከነዚህም መካከል አሮጌዎቹን ቦንዶች በርካሽ ዋጋ የሰበሰበው ኤንኤምኤል ካፒታል የተባለው ድርጅት፥ ኒው ዮርክ ከተማ በሚገኘው ፍርድ ቤት ክስ አቅርበው ሙሉውን ገንዘብ ጠየቁ።

ክሳቸውን ያቆሙት በአሮጌው ውል ውስጥ በምትገኝ «ፓሪ ፓሱ» በምትባል የላቲን ሐረግ ላይ ነው። ትርጕሟ በእኩል እርምጃ ማለት ሲሆን፥ ዕዳዎቹ በእኩል ደረጃ ላይ እንዲቆዩ የምታዝዝ ናት። ይህች ሐረግ ከውል ወደ ውል ስትገለበጥ ብዙ ዘመን የኖረች ስትሆን፥ ምን ማለት እንደ ሆነች አጥብቆ የጠየቀ ሰው ጥቂት ነበር። ዳኛ ቶማስ ግሪሳ ግን በ2012 አርጀንቲና ለአዲሶቹ ባለቦንዶች ስትከፍል ለአሮጌዎቹም መክፈል አለባት፤ ለእነርሱ ሳትከፍል ለአዲሶቹ እንዳትከፍል ብለው አዘዙ። በዚያው ዓመት ሊበርታድ የተባለችው የአርጀንቲና ባሕር ኃይል የማሠልጠኛ መርከብ ጋና ውስጥ በቴማ ወደብ ሳለች በዚሁ ድርጅት አቤቱታ ተይዛ፥ ዓለም አቀፉ የባሕር ሕግ ፍርድ ቤት እስኪያስለቅቃት ድረስ ከሁለት ወር በላይ ቆመች። በ2014 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአርጀንቲናን ይግባኝ አልቀበልም አለ፤ በዚያው ዓመት አገሪቱ ለአዲሶቹ ባለቦንዶች የሚሆን ገንዘብ እያላት ክፍያዋ ታገደና እንደ ገና ከዳተኛ ባለዕዳ ተባለች። በመጨረሻ በ2016 አራት ዋና ዋና ከሳሾች ብቻ 4.65 ቢሊዮን ዶላር ተቀበሉ።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? የአርጀንቲና የፋይናንስ ሰዎች ስሌቱን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ጠበቆቿም ሕግ ያልተማሩ አልነበሩም። ነገር ግን የብድሩ ውል በተጻፈበት ቀን ያችን ሐረግ ያነበበ ሰው «ይህች ቃል አንድ ቀን ስንት ገንዘብ ታስወጣ ይሆን?» ብሎ ቢያሰላ ኖሮ፥ ነገሩ ሌላ መልክ በያዘ ነበር። ለቃል ዋጋ መስጠትና ለዋጋ ቃል መስጠት ማለት ይህ ነው። ከ2014 ወዲህ የዓለም ገበያ ባለሙያዎች ይህችን ሐረግ አሻሽለው እንድትጻፍ አድርገዋል፤ ይህ የሆነው ግን አንድ አገር ዋጋውን ከከፈለ በኋላ ነው።

በቀን ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚቈጥር ዕዳ

ወደ አህጉራችን ስንመለስ የናይጄሪያ ነገር ይጠብቀናል። በ2010 የናይጄሪያ የነዳጅ ሚኒስቴር ፒ ኤንድ አይ ዲ ከሚባል ድርጅት ጋር ለ20 ዓመት የሚጸና የጋዝ ውል ተዋዋለ። መንግሥት ጋዙን ሊያቀርብ፥ ድርጅቱም የጋዝ ማጣሪያ ፋብሪካ ሊሠራ ነበር። ጋዙም አልቀረበም፤ ፋብሪካውም አልተሠራም። ውሉ ግን ክርክር ቢነሣ በሎንዶን በግልግል ዳኝነት ይታያል የሚል አንቀጽ ነበረውና ድርጅቱ በዚህ መንገድ ሄዶ በ2017 6.6 ቢሊዮን ዶላር ተፈረደለት። በዚህም ላይ በዓመት 7 በመቶ ወለድ ታከለበት።

ወጣቱ አንባቢ እርሳስ ይዞ ያስላው። የ6.6 ቢሊዮን 7 በመቶ በዓመት 462 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። ለ365 ቀን ሲካፈል በየቀኑ ከ1.2 ሚሊዮን ዶላር ይበልጣል። ባለሥልጣኖቹ ስብሰባ ላይ ቢውሉም፥ ቢተኙም፥ በዓል ቢያከብሩም ይህ ቍጥር አያርፍም። በዚህ ዓይነት ዕዳው በ2023 ከ11 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆነ።

ዋናው ገንዘብ ደግሞ ከየት መጣ ቢባል፥ ድርጅቱ በ20 ዓመት ውስጥ ባገኘው ነበር የተባለው ትርፍ ወደ ዛሬ ዋጋ ተመልሶ ሲሰላ የተገኘ ነው። ከሦስቱ ገላጋይ ዳኞች አንዱ በዚህ ስሌት አልተስማሙም፤ ጉዳቱ ሊታሰብ የሚገባው ለጥቂት ዓመት ብቻ ነው ብለው ከ250 ሚሊዮን ዶላር እንዳይበልጥ ሐሳብ አቀረቡ። 250 ሚሊዮንና 6.6 ቢሊዮን! በመካከላቸው ያለው ርቀት የሕግ ጥያቄ ነው ወይስ የፋይናንስ? ድርጅቱ ሌላ ሥራ ሠርቶ ጉዳቱን ሊያቃልል ይችል ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቀው የሕግ ሰው ነው፤ የጥቂት ዓመትንና የ20 ዓመትን ትርፍ አስልቶ የሚያሳየው የፋይናንስ ሰው ነው። ሁለቱን ባንድነት ያልያዘ ተከራካሪ የትኛውን ቍጥር በምን ምክንያት እንደሚያጠቃ አያውቅም።

ናይጄሪያ ከዚህ መዓት የዳነችው የሎንዶን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በኦክቶበር 2023 ፍርዱ በማጭበርበር የተገኘ ነው ብሎ ስለ ሰረዘላት ነው። ዳኛ ሮቢን ኖውልስ ጉቦ መሰጠቱን፥ የመንግሥት የሕግ ምክር ምስጢርም ወደ ተቃራኒው ወገን መውጣቱን መዝግበዋል። መንግሥት የሚገባበትን ታላላቅ ውል ማርቀቅ እጅግ ከፍ ያለ ኃላፊነት ያለበት ሥራ መሆኑንም አሳስበዋል። እንግዲህ ትምህርት ብቻውን ከጉቦ እንደማያድን ግልጽ ነው። ሆኖም ጉቦ የሚሸሸግበትን ጨለማ የሚያበዛው፥ ውሉን አንብቦ የሚረዳው ሰው ቍጥር ማነሱ ነው።

በኛስ አገር?

ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ ብቻ እንዳይመስል ታሪካችንን እናስታውስ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1905 በተሰጠው ውል መሠረት የተቋቋመው የአቢሲኒያ ባንክ ለ50 ዓመት ብቸኛ መብት ተሰጥቶት ነበር። ይህ ዘመን ሳይፈጸም መንግሥት የራሱን ባንክ ለማቋቋም በፈለገ ጊዜ፥ በ1931 ካሣ ከፍሎ የቀድሞውን ማፍረስ ግድ ሆነበት። ሃምሳ ዓመት የምትል ቃል በወረቀት ላይ ሁለት ቃል ብቻ ናት፤ በገንዘብ ስትመነዘር ግን የልጅ ልጅ የሚከፍለው ናት።

ወደ ቅርቡ ጊዜ ስንመጣ፥ ኢትዮጵያ በ2014 በዓለም ገበያ 1 ቢሊዮን ዶላር ለ10 ዓመት በ6.625 በመቶ ወለድ ተበደረች። የዓመቱ ወለድ 66.25 ሚሊዮን ዶላር፥ የስድስት ወሩም 33 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው። በዲሴምበር 2023 ይህ የስድስት ወር ወለድ ሳይከፈል ቀረ። መንግሥት የሰጠው ምክንያት ባለገንዘቦችን ሁሉ በእኩል ዓይን ለማየት የሚል ነበር። ምክንያቱም አገራችን በ2021 በቡድን 20 አገሮች የጋራ ማዕቀፍ መሠረት ዕዳዋ እንዲሸጋሸግላት ጠይቃ ነበርና፥ በዚያ ማዕቀፍ ደንብ አበዳሪ መንግሥታት የሚያደርጉትን ያህል ቅነሳ ባለቦንዶችም እንዲያደርጉ ይፈለጋል። በ2025 ከአበዳሪ መንግሥታት ኮሚቴ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ። ይሁንና «ያህል» የምትለው ቃል በምን ትለካለች? በዋናው ገንዘብ መጠን ነውን? በዛሬ ዋጋው ነውን? ወይስ በሚራዘመው ዘመን? ከላይ የጠቀስነው የ614 ሚሊዮን ብር ስሌት እዚህ ላይ ጨዋታ አይደለም። አንዲት ቃል ስትተረጐም በሚሊዮን የሚቈጠር ዶላር ወዲያ ወይም ወዲህ ይሄዳል።

በአገር ውስጥ ያለውም ሥራ እየሰፋ ነው። የ1960ው የንግድ ሕግ ፕሮፌሰር ዣን ኤስካራ ጀምረውት ካረፉ በኋላ ፕሮፌሰር አልፍሬድ ዦፍሬ የፈጸሙት ነበር፤ አሁን ከፊሉ በአዋጅ ቍጥር 1243/2013 በወጣው አዲስ የንግድ ሕግ ተተክቷል። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቍጥር 1248/2013 የገበያውን ተቈጣጣሪ ባለሥልጣን አቋቋመ፤ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያውም በጃንዋሪ 2025 ተከፈተ። የባንክ ሥራ አዋጅ ቍጥር 1360/2017 ለውጭ አገር ባንኮች በር ከፍቷል። ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ለሕዝብ ሲሸጥ አንዱ አክሲዮን 300 ብር፥ አንድ ሰው ሊገዛ የሚችለው ትንሹ ቍጥር 33 አክሲዮን፥ ማለት 9,900 ብር ነበር። ይህን የገዛው መምህር ወይም ነጋዴ ለገዢዎች የወጣውን የደንበኛ መግለጫ በሙሉ ያንብብ አያንብብ አናውቅም። እንዲህ ያለው መግለጫ ግን እኩሌታው የሂሳብ ሰንጠረዥ፥ እኩሌታው የሕግ ማስጠንቀቂያ ነው። መግለጫው እውነተኛ መሆኑን የሚመረምር ሹም ሁለቱንም ማንበብ አለበት፤ ያ ሹም ካልቻለ መምህሩን ማን ይጠብቀዋል?

ትምህርቱ ምን ይመስላል?

እንግዲህ ይህን ጥምር ዕውቀት ከየት ማግኘት ይቻላል? መንገዱ ሦስት ዓይነት ነው ለማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው የአሜሪካ መንገድ ነው። በአሜሪካ ሕግ የሚጠናው የመጀመሪያ ዲግሪ ከተገኘ በኋላ ስለሆነ ሦስት ዓመት ይፈጃል፤ የንግድ ሥራ አስተዳደር ማስተርስ ደግሞ ሁለት ዓመት። ሁለቱን አጣምረው የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች አምስቱን ዓመት ወደ አራት፥ እንደ ኖርዝዌስተርንና ፔንሲልቬኒያ ያሉትም ወደ ሦስት አሳጥረውታል። ለአሜሪካ ተማሪ ይህ መልካም ነው። በአገራችን ግን ሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። ስለዚህ በሕግ የተመረቀ ኢትዮጵያዊ በአሜሪካ ለመኖርና ለመሥራት ካላሰበ በስተቀር፥ የተማረውን ሕግ እንደ ገና ሦስት ዓመት ሊማር መሄዱ ዘመንንም ገንዘብንም ማባከን ነው።

ሁለተኛው የአንድ ዓመት ጥምር ማስተርስ ነው። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ2010 የጀመረው የሕግና የፋይናንስ ማስተርስ የዚህ ዓይነት ነው። የሕግ ፋኩልቲውና የንግድ ትምህርት ቤቱ በጋራ ያስተምሩታል፤ የሚገቡበትም አብዛኛውን ጊዜ ሕግ የተማሩ ናቸው። ተማሪዎቹ ፋይናንስንና የፋይናንስ ኤኮኖሚክስን መሠረት ይማራሉ፤ ከዚያም በአንድ የኩባንያ ሽያጭ ወይም ብድር ውስጥ የሕጉ አንቀጽና የገንዘቡ ስሌት እንዴት እንደሚተሳሰሩ ያጠናሉ። በጀርመን አገር ደግሞ የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ በሚገኝበት በፍራንክፈርት ከተማ በጎተ ዩኒቨርሲቲ ያለው የሕግና የፋይናንስ ኢንስቲትዩት በእንግሊዝኛ ቋንቋ የአንድ ዓመት ማስተርስ ይሰጣል።

ሦስተኛው መንገድ ጥምር ዲግሪ የሌለበት ነው፤ ይኸውም በአንዱ ተመርቆ ሌላውን በሥራ ላይ መማር ነው። ይህን መንገድ ማንም እንዳይንቀው። ክሪስቲን ላጋርድ የተማሩት ሕግ ነው፤ በጥብቅና ሥራ ኖረው የፈረንሳይ የገንዘብ ሚኒስትር፥ በኋላም የዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ኃላፊ፥ በ2019ም የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ2018 የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ሊቀ መንበር የሆኑት ጀሮም ፓወልም በ1979 የተመረቁት በሕግ ነው፤ ፋይናንስን የተማሩት በባንክና በገንዘብ ሚኒስቴር ሥራ ላይ ነው። በአንጻሩ ሚት ሮምኒ በ1975 ከሃርቫርድ ሕግንና ንግድን አጣምረው ተመርቀው ሳለ ሥራቸው በንግድ በኩል ሄደ። ጥምር ዲግሪ ያለው ሁሉ በሁለቱም አይሠራበትም፤ በሁለቱ የሚሠራም ሁሉ ጥምር ዲግሪ የለውም።

ከመሄድ በፊት የሚመዘን

ወጣቱ ማመልከቻውን ከመላኩ በፊት የሚከተለውን ቢመዝን ይጠቀማል ብለን እናስባለን።

አንደኛ፥ የአንድ ዓመት ጥምር ትምህርት የሁለቱን ሙያ ሊቅ አያደርግም። ለሕግ ሰው የፋይናንስን ቋንቋ ያስተምረዋል፤ ያ ማለት የሂሳብ ሰው የሚለውን ሰምቶ ስሕተቱን ለመጠየቅ ያስችለዋል ማለት ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ያልሆነውን ነኝ እንዲል መብት አይሰጠውም። የጥብቅና ፈቃድም አይሆነውም። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ ቤት፥ ሌላው ግቢ ይሁን፤ ቤት ሳይኖር ግቢ ማጠር ትርፉ ድካም ነው።

ሁለተኛ፥ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ከመሄድ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ሠርቶ መሄድ ይሻላል። አንድ የብድር ፋይል ከእጁ ያለፈ ወጣት ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ የሚጠይቀው ጥያቄ አለው። ያልሠራው ግን መልሱን ይጽፋል እንጂ ጥያቄውን አያውቀውም። የእንግሊዝ መንግሥት የሚሰጠው የቺቭኒንግ ነጻ የትምህርት ዕድልም አስቀድሞ የሁለት ዓመት ያህል የሥራ ልምድ የሚጠይቅ ሲሆን፥ ተማሪው ከፈጸመ በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲቆይ ያስገድዳል። ይህ ግዴታ ራሱ ውል ነው፤ ሕግና ፋይናንስ ሊማር የሚሄድ ሰው የራሱን ውል ሳያነብ ቢፈርም ያሳፍራል።

ሦስተኛ፥ ወጪውን እንደ ፋይናንስ ሰው ያስላ። የትምህርቱ ክፍያ ብቻ አይደለም ዋጋው፤ በዚያ ዓመት ሳይሠራ የሚያጣው ደመወዝ፥ ቤተሰቡ ሳይረዳ የሚቀረው፥ የውጭ ምንዛሪውም ከፍና ዝቅ ማለት ይታከላል። ተበድሮ የሚሄድ ከሆነ ዕዳው በዶላር ወይም በፓውንድ፥ ደመወዙ ግን በብር መሆኑን አይርሳ። አገሮችን ያስጨነቀው የምንዛሪ ልዩነት በአንድ ሰው ቤትም ያው ነው።

አራተኛው ለወጣቱ ብቻ ሳይሆን ለአለቃውም ነው። አንድ መሥሪያ ቤት የሠለጠነ ሰው ልኮ ሲመለስ በቀድሞው ወንበር ካስቀመጠው ዲግሪው ግድግዳ ላይ ከመሰቀል አያልፍም። የብድር ወይም የሽያጭ ረቂቅ በገንዘብ ክፍል ተበስሎ፥ ዋጋው ተቈርጦ፥ በመጨረሻ ለማኅተም ያህል ወደ ሕግ ክፍል የሚላክ ከሆነ፥ በሁለቱ ክፍሎች መካከል የሚቆም ሰው ማስተማሩ ምን ይጠቅማል? ሁለቱ ሙያዎች ረቂቁ በተጀመረበት በመጀመሪያው ቀን ባንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጡ። ይህ አንዲት ሳንቲም አያስወጣም፤ ውጭ አገር መሄድም አይጠይቅም።

እነዚህን ሁሉ መዝኖ መሄድ ለማይችለው ወጣት ደግሞ ሌላ ምክር አለን። የሕግ ሰው የሆንህ የሂሳብ ሚዛንና የወለድ ስሌት ማንበብ ተማር፤ በየሳምንቱ አንድ የባንክ ዓመታዊ ሪፖርት ብትመረምር በዓመት ውስጥ ሌላ ሰው ትሆናለህ። የሂሳብ ሰው የሆንህም የመሥሪያ ቤትህን አንድ ውል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፥ ትንንሾቹን አንቀጾች ሳትዘል አንብብ፤ በየአንቀጹ ጎን «ይህ ቢደርስ ስንት እንከፍላለን?» ብለህ ጻፍ። ለዚያ ጥያቄ መልስ ስታጣ ተነሥተህ የሕግ ክፍሉን በር አንኳኳ።

በመጨረሻም ወደ ተነሣንበት ተረት እንመለስ። ሽማግሌዎቹ አልተሳሳቱም፤ ሁለት ዛፍ ባንድ ጊዜ አይወጣም። ነገር ግን የብድር ውል አንድ ዛፍ ነው። በአንድ እግሩ ብቻ ሊወጣው የሞከረ ሰው ከወደቀ ደግሞ የሚሰበረው የእርሱ እግር ብቻ አይደለም፤ ፊርማው ያሰረው ሕዝብ ሁሉ ያነክሳል። ሁለት እግር የተሰጠንም አንዱን ዛፍ በደኅና ወጥተን በደኅና እንድንወርድ ነው።